እንደራሴ የማን ነው?

(ለወላጆችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ከኑሯችን የራቀ ይመስላል። በባዕድ አገዛዝ ሥር በነበረች አገር ውስጥ የጎረቤት መንግሥት ወኪል ምን ይሠራ ነበር የሚል ጥያቄ ነው። አገሪቱ ኤርትራ ናት፤ ጎረቤቲቱ ኢትዮጵያ ናት፤ ወኪሉ የተቀመጠባት ከተማ አሥመራ ናት። ዘመኑ አብዛኞቻችን ያልተወለድንበት ነው፤ በዕድሜ የገፉት ግን ቢያንስ በወሬ ያውቁታል።

ይህን ርእስ የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ልጆቻችን ስለሚጠይቁን ነው። ሴፕቴምበር 2 ቀን 2023 በደቡብ ቴል አቪቭ የኤርትራ ኤምባሲ ባዘጋጀው በዓል ምክንያት በኤርትራውያን ደጋፊዎችና ተቃዋሚዎች መካከል ከባድ ጠብ ተነሥቶ ከ100 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። ልጆቻችን ይህን በቴሌቪዥን አይተው «እነዚህ ሰዎች የእኛ ጎረቤቶች አልነበሩም? ኤምባሲ ማለት ለሕዝቡ የሚቆም አይደለም?» ብለው ይጠይቃሉ። ለልጅ ጥያቄ መልስ ማጣት ለወላጅም ለመምህርም አይገባም።

ሁለተኛው ምክንያት ራሳችንን ይመለከታል። በእኛ ስም የሚናገሩ ሰዎች በዚህ አገር ብዙ ናቸው። «የማኅበረሰቡ ተወካይ» እየተባሉ በየቢሮው ይቀመጣሉ። ማን ወከላቸው ብሎ መጠየቅ እንደ ጠብ ይቆጠራል። ጠብ አለመሆኑን ለማየት ደግሞ የሌላውን ሕዝብ ታሪክ ረጋ ብሎ መመልከት ይጠቅማል። ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ስለምንናገር ግራ እንዳይገባችሁ አስቀድመን እንገልጻለን።

የቆንስል ሁለት ሥራ

ቆንስል የሚለው ቃል ለጎንደርና ለትግራይ ሰው እንግዳ አይደለም። ከ1935ቱ ወረራ በፊት ኢጣሊያ በጎንደር፣ በአድዋና በደሴ ቆንስላዎች ነበሯት። እንግሊዝም ከጣና በስተደቡብ በዳንግላ ቆንስል አስቀምጣ ነበር። የቆንስል ግልጽ ሥራው የታወቀ ነው፤ ለዜጎቹ ፓስፖርት ይሰጣል፣ ነጋዴዎቹን ይረዳል፣ ዜጋው ሲታሰር ወይም ሲበደል ይጠይቃል። ከዚህ ሌላ ደግሞ የማይነገር ሥራ አለው፤ ማን ከማን ተጣላ፣ የትኛው መንገድ ክረምት ያሳልፋል፣ የትኛው ሹም በገንዘብ ይለዝባል እያለ ለላከው መንግሥት ይጽፋል። የሰሜኑ የኢጣሊያ ቆንስሎች ይህን ሁለተኛውን ሥራ በሰፊው ይሠሩት ስለነበር ሕዝቡ በዓይነ ቁራኛ ይመለከታቸው ነበር። በኖቬምበር 1934 የጎንደሩ ቆንስላ ላይ ጥቃት ደርሶም ነበር።

ኢትዮጵያም በበኩሏ በዙሪያዋ ባሉት ቅኝ ግዛቶች ውስጥ ቆንስሎች ነበሯት። በፈረንሳዮች እጅ በነበረችው በጅቡቲ የነበረው ቆንስል ሥራው ከባድ ነበር። ከ1917 ጀምሮ ባቡሩ አዲስ አበባ ስለደረሰ የአገሪቱ ንግድ አብዛኛው የሚያልፈው በዚያ ወደብ ነው። በጦርነቱ ዘመን በዚያ ቆንስል የነበሩት አንዳርጋቸው መሳይ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ሜይ 2 ቀን 1936 ከአዲስ አበባ በባቡር ወጥተው በጅቡቲ በኩል በእንግሊዝ መርከብ ተሳፍረው ሀይፋ የወረዱት በዚሁ መንገድ ነው። አንዳርጋቸው መሳይ የሚለውን ስም አደራ ያዙልን፤ ቆይተን እንመለስበታለን።

በኢጣሊያኖች እጅ በነበረችው በአሥመራም ኢትዮጵያ ከወረራው በፊት ቆንስል ነበራት። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ቆንስል በማንም አገር የሚቀመጠው በባለ አገሩ ፈቃድ ነው። ነገር ግን አገሩ ቅኝ ግዛት ሲሆን ፈቃዱን የሚሰጠው ገዢው ነው። ለጅቡቲው ቆንስል የምትፈቅደው ፈረንሳይ ናት፤ ለአሥመራው የምትፈቅደው ኢጣሊያ ናት። የዚያ አገር ሰው፣ አፋሩም ሱማሌውም፣ ትግርኛ ተናጋሪውም ትግረውም፣ «ይህ ሰው በመካከላችን ይቀመጥ ወይ?» ተብሎ አልተጠየቀም። እሱም በተራው ወደ ሌላ አገር ወኪል የሚልክበት መብት የለውም።

ይህ ምን ያህል እንግዳ ነገር እንዳስከተለ አንድ ምሳሌ እንስጥ። ሎሬንሶ ታእዛዝ በኤርትራ የተወለዱ ሰው ነበሩ። ትልቅ ዲፕሎማት ሆነው በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ኢትዮጵያን ወከሉ። ኤርትራዊው ኢትዮጵያን ወክሎ በዓለም ሸንጎ ሊቆም ቻለ፤ ኤርትራን ወክሎ የሚቆምበት ወንበር ግን በዓለም ላይ አልነበረም።

ከእኛም ወገን አሥመራን ያወቁ አሉ። ታምራት አማኑኤል በልጅነታቸው በአሥመራ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ሲማሩ ነው ዶክተር ፋይትሎቪች ያገኟቸውና ወደ አውሮፓ ይዘዋቸው የሄዱት። ያ የቤተ እስራኤል ልጅ በኢጣሊያ ቅኝ ግዛት፣ በስዊድን ትምህርት ቤት ተቀምጦ «የማን ነህ?» ቢባል የሚመልስለት ቆንስል አልነበረውም።

አሥመራ በእንግሊዞች እጅ

ኤፕሪል 1 ቀን 1941 የእንግሊዝ ጦር አሥመራን ያዘ። ኢጣሊያ ተሸነፈች፤ አገሪቱ ግን የራሷ አልሆነችም። በሕግ ገና የኢጣሊያ ቅኝ ግዛት ስትሆን በእጅ የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ነበረች። ኢጣሊያ መብቷን በጽሑፍ የተወችው ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1947 በተፈረመው የሰላም ውል ነው። ያም ውል አገሪቱን ለሕዝቡ አልሰጠም። አራቱ ኃያላን በአንድ ዓመት ውስጥ ተስማምተው ይወስኑ፣ ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ይሂድ አለ።

የሕዝቡን ስሜት በትክክል ካልተናገርን ታሪኩን እናበላሸዋለን። በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ከኢትዮጵያ ጋር የመቀላቀል ፍላጎት እውነተኛ ነበር። ኢጣሊያኖች በተለይ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባወጡት የዘር ሕግ ጥቁሩን በገዛ ከተማው ከነጭ ሰፈር አግደውት ነበር። ነጭ ያልሆነ ንጉሥ፣ የራሱ ባንዲራ ያለው ጎረቤት መንግሥት ተስፋ መስሎ ታየ። ሜይ 1941 የአገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። ቤተ ክርስቲያንም ከኢትዮጵያ ጋር ለመቀላቀል ቆመች። በቆላና በምዕራብ የሚኖረው ሙስሊም ደግሞ ሌላ ስጋት ነበረው፤ ዲሴምበር 1946 በከረን የሙስሊም ሊግን አቋቋመ፤ ኢብራሂም ሱልጣን ዋና ጸሐፊው ሆኑ። ለነጻነት የሚከራከሩ ክርስቲያኖችም ነበሩ፤ ከሁሉ የታወቁት በትግርኛ ጋዜጣ የሚጽፉት መምህር ወልደአብ ወልደማርያም ናቸው።

ዓመቱ 1946 ከባድ ነበር። በኦገስት 28 ቀን በአሥመራ የሱዳን ወታደሮች በከተማው ሰው ላይ ተኩሰው ከ40 በላይ ሰዎች ገደሉ። የእኛ አገር ታሪክም ከዚያች ከተማ ጋር የተያያዘ ነው። በእንግሊዝ ላይ የተነሡ የኤጼልና የሌሒ ሰዎች ከፍልስጥኤም ተግዘው በአሥመራ አጠገብ በሰምበል ታስረው ነበር። ከእነሱም ሁለቱ በጃንዋሪ 1946 በጠባቂዎች ጥይት ተገደሉ። በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ይጽሐቅ ሻሚር በጃንዋሪ 1947 ከዚያ አምልጠው፣ በቦቴ መኪና ውስጥ ተደብቀው አዲስ አበባ ገቡ፤ ከዚያም በባቡር ጅቡቲ ወረዱ። ኤርትራዊውም ይሁዲውም እስረኛ በአንድ ገዢ ሥር ነበሩ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በፍልስጥኤም ሶኽኑት የአይሁድ ሕዝብ አፍ ሆኖ በማንዴቱ ሰነድ የታወቀ ነበር። ኤርትራውያን ግን እንዲህ ያለ የታወቀ አፍ አልነበራቸውም።

የግንኙነት መኮንኑ

በዚያው በ1946 ኢትዮጵያ በአሥመራ አዲስ ወኪል አስቀመጠች። ኮሎኔል ነጋ ኃይለ ሥላሴ ይባላሉ። ማዕረጋቸው ቆንስል አልነበረም፤ «የግንኙነት መኮንን» ነበር። በኢትዮጵያ መንግሥትና በእንግሊዝ አስተዳደር መካከል ጉዳይ የሚያመላልስ ማለት ነው። ከትግራይና ከሌላውም ጠቅላይ ግዛት ለሥራ የመጡ ብዙ ሰዎች አሥመራ ስለነበሩ የሚጠይቃቸው ወኪል መኖሩ ተገቢ ነበር። በዚህ ማንም አይከራከርም።

ነገር ግን ጽሕፈት ቤቱ በዚህ አልተወሰነም። በዚያ ዘመን በኤርትራ ያገለገሉ እንግሊዛውያንም ሆኑ በኋላ የጻፉ የታሪክ ሰዎች እንደሚያስረዱት ያ ጽሕፈት ቤት የአንድነት ማኅበሩን በገንዘብም በምክርም ይደግፍ ነበር። የማኅበሩ መሪ ተድላ ባይሩ ነበሩ። ከኢትዮጵያ ጋር መቀላቀል የሚፈልገው ሕዝብ ፍላጎቱን ከኮሎኔሉ አልተማረውም፤ አስቀድሞ ነበረው። ነገር ግን ፍላጎቱ በውጭ ገንዘብ መንቀሳቀስ ሲጀምር ባለቤቱ ማን እንደሆነ መለየት አስቸገረ። በገዛ ፈቃዱ የሚናገረውና ተከፍሎት የሚናገረው አንድ ድምፅ ሆኑ። ይህ ደግሞ ከማንም ይልቅ የጎዳው አንድነትን ከልቡ የፈለገውን ሰው ነው፤ ቃሉ ሁሉ «የጽሕፈት ቤቱ ነው» ተባለበት።

በኖቬምበር 1946 በአሥመራ በቤተ ጊዮርጊስ የሁለቱ ወገን ሰዎች ለመስማማት ተሰበሰቡ። ሁሉንም የሚያስማማ ነገር ለማግኘት ጥሩ ሙከራ ነበር። ስብሰባው ፈረሰ። በዚያ ላይ ተድላ ባይሩ ወልደአብን «ወላጆችህ ከትግራይ የመጡ ናቸው፤ አንተ ምን አገባህ?» በሚል መንፈስ ተናገሯቸው። ወልደአብ ኤርትራ የተወለዱ ሰው ናቸው። አስቡት፤ ከትግራይ ጋር እንቀላቀል የሚለው ሰው፣ የትግራይ ዘር አለብህ ብሎ ወንድሙን ባዕድ አደረገው። እኛ በጎንደር «ፈላሻ» ተብለን፣ እዚህ «ኢትዮጵያዊ» የምንባል ሰዎች ይህን ዓይነት ንግግር ሰምተን አንስተውም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየመረረ ሄደ። በማርች 1949 አብዱልቃድር ከቢሬ የተባሉት የሙስሊም ሊግ መሪ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሊሄዱ ሲሉ በአሥመራ በጥይት ተመትተው ሞቱ። በወልደአብ ላይ ደግሞ ሰባት ጊዜ የግድያ ሙከራ ተደረገባቸው፤ በ1953 ወደ ግብፅ ተሰደዱ። በከተማና በገጠር ሽፍትነት በዛ።

እንግሊዝስ ምን አደረገች? እንግሊዝም የራሷ ሐሳብ ነበራት፤ ምዕራቡን ከሱዳን፣ ደጋውን ከኢትዮጵያ መክፈል ትፈልግ ነበር። ኢጣሊያም በአሥመራ በቀሩት ኢጣሊያኖች በኩል ገንዘቧን ትረጭ ነበር። ስለዚህ ኢትዮጵያ ብቻዋን አጠፋች አንልም። አባቶቻችን «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይላሉ። በአሥመራ የሆነው ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ አብልጠው ስለጮኹ የባለቤቱ ጩኸት አልሰማ አለ።

ከአዳራሹ ውጭ የቆመው ባለቤት

የአራቱ ኃያላን መርማሪዎች በኖቬምበር 1947 ኤርትራ ገብተው ሕዝቡን ጠየቁ፤ አልተስማሙም። ጉዳዩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሄደ። በዚያ ሸንጎ ኢትዮጵያ ከ1945 ጀምሮ አባል ስለሆነች ወንበር ነበራት፤ አክሊሉ ሀብተ ወልድ በብርቱ ተከራከሩላት። ኢብራሂም ሱልጣንም በ1949 አሜሪካ ድረስ ሄደው ተናገሩ። ግን ልዩነቱን ተመልከቱ። አንዱ እንደ አባል ይናገራል፣ ድምፅ ይሰጣል። ሌላው እንደ አቤቱታ አቅራቢ ይገባል፣ ተናግሮ ይወጣል። ድምፅ ሲሰጥ እሱ ውጭ ነው።

በ1950 ከበርማ፣ ከጓቴማላ፣ ከኖርዌይ፣ ከፓኪስታንና ከደቡብ አፍሪካ የተውጣጣ ኮሚሽን ኤርትራን ጎበኘ። አምስቱ ሦስት ቦታ ተከፈሉ። ኖርዌይ መቀላቀልን ደገፈች፤ በርማና ደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን አሉ፤ ጓቴማላና ፓኪስታን በሞግዚትነት ቆይታ ነጻ ትውጣ አሉ። በመጨረሻ ዲሴምበር 2 ቀን 1950 ጠቅላላው ጉባኤ በ46 ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞ፣ በ4 ድምፀ ተዓቅቦ ኤርትራ ራስን የምታስተዳድር ሆና በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን ትተሳሰር ብሎ ወሰነ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ስለራሱ ዕጣ በካርድ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብሎ አልመረጠም። የምክር ቤቱ ምርጫ የተደረገው በማርች 1952፣ ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው።

እንደራሴ

ሴፕቴምበር 15 ቀን 1952 እንግሊዝ ወጣች፤ ፌዴሬሽኑ ጀመረ። ኤርትራ 68 አባላት ያሉት ምክር ቤት፣ በምክር ቤቱ የተመረጠ ዋና አስተዳዳሪ፣ የራሷ ሕገ መንግሥትና ባንዲራ ነበራት። ዋና አስተዳዳሪ የሆኑት ተድላ ባይሩ ናቸው። በግንኙነት መኮንኑ ፈንታ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ አሥመራ ገቡ። ማን ናቸው? አደራ ያልናችሁ ስም፤ የቀድሞው የጅቡቲ ቆንስል አንዳርጋቸው መሳይ። የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ያገቡ፣ በማዕረግ ቢትወደድ የሆኑ ሰው ነበሩ።

እስቲ ይህን ቃል እንደ መምህራን እንፍታው። እንደራሴ ማለት «እንደ ራሴ» ማለት ነው። «እንደ እኔ ሆኖ የሚቆም፣ እኔን የተካ» ማለት ነው። ጥሩ ቃል ነው። ግን «ራሴ» የሚለው ማን ነው? የአሥመራው እንደራሴ የንጉሡ «እንደ ራሴ» እንጂ የኤርትራ ሕዝብ «እንደ ራሴ» አልነበረም። የምክር ቤት አባልንም በአማርኛ «የሕዝብ እንደራሴ» እንለዋለን። ቃሉ አንድ ነው፤ ሥልጣኑ የሚመነጨው ግን ከሁለት ተቃራኒ ቦታ ነው። አንዱ ከላይ ይላካል፣ ሌላው ከታች ይመረጣል። ቃሉ አንድ በመሆኑ ብቻ ሕዝብ እንዲሳሳት ማድረግ ይቻላል።

በሕገ መንግሥቱ መሠረት የንጉሡ እንደራሴ ሥራው በአብዛኛው የክብር ነበር። የዘውዱን ንግግር ያነባል፣ ሕግ ያውጃል፣ ዋና አስተዳዳሪውን ይሾማል። በተግባር ግን እጁ እየረዘመ መጣ። በ1955 ተድላ ባይሩ ከሥልጣን ለቀቁ። በምትካቸው የተመረጡት አስፍሐ ወልደ ሚካኤል ናቸው። አስፍሐ ከዚያ በፊት የንጉሡ ምክትል እንደራሴ ነበሩ፤ ዋና አስተዳዳሪ ሲሆኑም ያንን ሥራ አልለቀቁም። እንግዲህ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሕዝቡን ይወክላል፣ በሕዝቡ ላይ የተላከውንም ይወክላል። ሕዝቡ በእንደራሴው ቢሮ ላይ አቤቱታ ቢኖረው ለማን ያመልክት? ከአንዱ በር ወጥቶ በሌላው በር ቢገባ የሚያገኘው ያንኑ ሰው ነው።

የቀረውን በአጭሩ እንንገራችሁ። በ1958 የኤርትራ ባንዲራ ወረደ። በ1960 «የኤርትራ መንግሥት» የሚለው ስም «የኤርትራ አስተዳደር» ተባለ። ኖቬምበር 14 ቀን 1962 ምክር ቤቱ ፈረሰ፣ ፌዴሬሽኑ ቀረ። የትጥቅ ትግሉ አስቀድሞ በ1961 ተጀምሮ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ፈጀ። ከሁሉ የሚያስገርመው የተድላ ባይሩ ነገር ነው። ያ የአንድነት መሪ፣ በስዊድን የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው ሳሉ በ1967 ሥራቸውን ትተው ከኤርትራ ነጻ አውጪ ግንባር ጋር ተቀላቀሉ። ሕዝቡ በካርድ የተጠየቀው በኤፕሪል 1993 ነው፤ ከመቶ 99.8 ለነጻነት ድምፅ ሰጠ። በ1950 ቢጠየቅ ምን ይመልስ እንደነበር ማንም አያውቅም፤ ምናልባት ለአንድነት ይሰጥ ነበር። ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ግን ውሳኔው የራሱ ይሆን ነበር፤ ለራሱ ውሳኔ ደግሞ ሰው ይታገሣል።

ይህ ጦርነት ለእኛም አልቀረልንም። ከትግራይ፣ ከወልቃይት፣ ከጎንደር ልጆቻችን ለጦሩ ተወስደዋል፤ የመንገዱ መዘጋትና የገጠሩ ችግርም ወደ ሱዳን ከገፉን ነገሮች አንዱ ነው።

እኛስ?

በሱዳን ቆንስል አልነበረንም። በገዳሪፍና በኡም ራኩባ ስንታመም፣ ሰው ስንቀብር፣ ማንነታችንን ደብቀን ስንኖር «እነዚህ የእኔ ናቸው» የሚል ወኪል በይፋ ብቅ ማለት አይችልም ነበር። የኢትዮጵያና የእስራኤል ግንኙነት በ1973 ተቋርጦ በ1989 ነው የታደሰው። ግንኙነቱ ከታደሰ በኋላ በአዲስ አበባ የእስራኤል ኤምባሲ ግቢ ምን ያህል ሰው እንደተሰበሰበና በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ እንዴት እንደመጣ ከእናንተ ብዙዎቹ ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ስለዚህ ወኪል ከንቱ ነው የምንል ሰዎች አይደለንም። የወኪልን ጥቅም ወኪል ያጣ ያውቀዋል።

ግን እዚህ አገር ከገባን በኋላ ሌላ ዓይነት የግንኙነት መኮንን አገኘን። በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያ፣ በማዘጋጃ ቤት «መጋሼር» የምንላቸውን ማለታችን ነው። ድልድይ ማለት ነው። አብዛኞቹ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ናቸው፤ ሥራቸው ከባድ ነው፤ በሌሊት ስልክ የሚያነሡ፣ ከኪሳቸው ታክሲ የሚከፍሉ አሉ። እነሱን ለመንቀፍ አልቆምንም። ግን ደመወዛቸውን የሚከፍለው፣ የሚቀጥራቸውና የሚያሰናብታቸው ተቋሙ ነው። ስለዚህ በሕግ የተቋሙ ሰው እንጂ የወላጁ ሰው አይደሉም። ይህን ማወቅ ለእነሱም ለእኛም እፎይታ ነው። ችግሩ የሚመጣው መጋሼሩ ተርጓሚ መሆኑ ቀርቶ «ወላጁ ተስማምተዋል» ብሎ በወላጁ ፈንታ ሲናገር ነው። ያን ጊዜ የግንኙነት መኮንን የነበረው እንደራሴ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ልጅ ልዩ ትምህርት ይገባዋል አይገባውም የሚል ኮሚቴ ሲቀመጥ፣ የልጁ ዕድሜ ልክ መንገድ ነው የሚወሰነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ስንቱ ልጃችን ዕብራይስጥ ስላልቻለ ብቻ «አይማርም» ተብሎ እንደተገፋ በየቤታችን ይታወቃል። በኮሚቴው ፊት መቅረብና ሐሳቡን ማሰማት የወላጅ መብት ነው። በውሳኔው ካልተስማማም ይግባኝ የሚልበት መንገድ አለ። መብቱን ግን በወላጁ ቦታ ሌላ ሰው ተቀምጦ ከተጠቀመበት መብት መሆኑ ይቀራል።

አባቶቻችን ለዚህ የታወቀ ሥርዓት ነበራቸው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሽማግሌውን አንዱ ወገን ብቻ አያመጣውም፤ አንዱ ከመረጠ ሌላውም ይመርጣል፤ ሁለቱም «እሺ» ካላሉ ዛፉ ሥር አይቀመጥም። ሽማግሌው የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሁለቱም ይናገራል። በአንዱ ወገን ብቻ የተላከ ሰው የጠላት ሰው ላይሆን ይችላል፤ መልእክተኛ ነው፤ ሽማግሌ ግን አይደለም።

እንግዲህ ከአሥመራ ታሪክ ይዘን ወደ ቤታችን የምንሄደው ሦስት ጥያቄ ነው። ማንም በስማችን ሲናገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ማን ላከህ? ሁለተኛ፣ የሰማኸውን ለማን ትጽፋለህ? ሦስተኛ፣ ብታጠፋ ማን ያወርድሃል? ለሦስቱም መልሱ «እናንተ» ከሆነ የእኛ እንደራሴ ነው። መልሱ ሌላ ከሆነ እናክብረው፣ አገልግሎቱን እንቀበል፣ በእኛ ፈንታ ግን አይፈርም። እኛ የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆችም፣ ማኅበሮቻችንም፣ ከ1996 ጀምሮ ክነሴት የገቡት ልጆቻችንም ከዚህ ጥያቄ ውጭ አይደለንም። ጠይቁን።

በተግባርም እንዲህ እናድርግ። በትምህርት ቤት ስብሰባ ወላጁ አስቀድሞ በገዛ ቋንቋው፣ በአማርኛም ይሁን በትግርኛ ይናገር፤ መጋሼሩ ከዚያ በኋላ ቃል በቃል ይተርጉም። «ነገሩ አልቋል፣ እዚህ ላይ ፈርሙ» ከተባለ ወረቀቱ በምንሰማው ቋንቋ እስኪነበብልን ብዕር አናንሣ፤ ወደ ቤት ወስዶ ዕብራይስጥ ለሚያውቅ ልጅ ወይም ጎረቤት ማሳየት ነውር የለውም። በየትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ሲመረጥ እንገኝ፤ ሰው እንጠቁም፤ የመረጥነው ሰው የተነገረውን መጥቶ እንዲነግረን ቀን እንቁረጥለት። እናንተ ወጣት መምህራን ደግሞ ወላጅ ዝም ሲል «ተስማማ» ብላችሁ አትጻፉ። ዝም ያለ ሰው ገና አልተናገረም።

ልጆቻችን ስለ ኤርትራውያን ጎረቤቶቻችን ሲጠይቁንም እንዲህ እንበላቸው፤ እነዚህ ሰዎች የሚጣሉት ስለ አንድ በዓል ብቻ አይደለም። በስማችን የሚናገረው ማን ነው ብለው ነው የሚጣሉት። ያ ጥያቄ በከተማቸው በአሥመራ የተነሣው በ1940ዎቹ ነው፤ በወቅቱ ለባለቤቱ ስላልቀረበ ከእነሱ ጋር ባሕር ተሻግሮ እዚህ ድረስ መጣ። በድንጋይ መልስ አያገኝም፤ ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነው።

የሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ «እነ እገሌ አሉልኝ» ብላችሁ ቤት አትቅሩ።